ጣና ደሴቶች በጋራ ለመሄድ፦ ወቅቱ፣ ቀብዱና የገዳሙ ሕግ

በእኛ አገር ሰው ተሰባስቦ የሚጓዘው ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ብዙ ዕቅድ አያስፈልግም፤ ዕድሩም ማኅበሩም ሥራውን ያውቀዋል። "ለዕረፍት እንሂድ" ሲባል ግን ገንዘብ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን፣ መንገድ ቢዘጋ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ ብዙው የቡድን ጉዞ ቡና ላይ ይወለድና ቡና ላይ ይሞታል። ከተሳካም በኋላ ተኮራርፈው የሚለያዩ ወዳጆች ጥቂት አይደሉም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእኛው የቆላ ድባ ልጆች ጉዳይ ነው። አብረን የተማርን አሥራ አራት ሰዎች፣ ስድስቱ ሴቶች፣ አንድ ሳምንት አብረን ለማሳለፍ ተስማማን። ከመካከላችን አንዱ "ዛንዚባር ሄደን ደሴት እንይ" አለ። እኔ በበኩሌ ዛንዚባርን አልጠላም። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ሁላችንም በኪሳችን አውቀነዋል። ደግሞስ ደሴት ለማየት ባሕር መሻገር ለምን አስፈለገ? ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ያለ፣ በሞቃታማው ቀበቶ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስላለ ሙቀቱ አያቃጥልም። በተለምዶ 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. (2015 እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። እንግዲህ ወደዚያ በቡድን ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በየተራ ላቅርብ።

ከየትኛው ዳርቻ እንነሣ?

ጣና ሁለት በሮች አሉት። ደቡባዊው በር ባሕር ዳር ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና 565 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጀልባ በብዛት የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያምና የዘጌ ገዳማት ከዚህ ቅርብ ናቸው።

ሰሜናዊው በር ጎርጎራ ነው። ጎንደር ለመሄድ አዘዞ አጠገብ ባለው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወረዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዞ የደምቢያን ሜዳ በመያዝ ቆላ ድባ ይደረሳል፤ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቆላ ድባ ወደ ሐይቁ ሲቀጥሉ ጎርጎራ ላይ መንገዱ ውኃ ውስጥ ይገባል። ከጎንደር ጎርጎራ ጠቅላላ ርቀቱ ከ60 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎርጎራ የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ የነበረች፣ ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈባት፣ ደብረ ሲና ማርያምን የመሰለች በሥዕል ያጌጠች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ያለባት ቦታ ናት። በ"ገበታ ለሀገር" ፕሮጀክት የተሠራው የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርትም በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

አብዛኛው መንገደኛ ባሕር ዳርን ብቻ አይቶ ይመለሳል። የእኔ ምክር ግን ቡድኑ ጊዜ ካለው በሰሜን ገብቶ በደቡብ እንዲወጣ ነው። ምክንያቱም የደምቢያን ሜዳ፣ የጤፉንና የሽምብራውን ማሳ፣ የቆላ ድባን ገበያ ያላየ ሰው ሐይቁ ማንን እንደሚመግብ አላየም። በድሮ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርስ ሳምንታዊ መርከብ ነበር፤ መንገደኛውም በመሐል ያድር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ስትመጣ የመንገዱ ዳር ሕዝብ እንደ ሙሽራ ተቀብሏታል። ሆኖም ዕቅዳችሁን በመርከብ ላይ ከማንጠልጠላችሁ በፊት የምትነሣበትን ቀን ባሕር ዳር ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ካልተመቸ ከጎንደር ባሕር ዳር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መቼ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። በክረምት የደምቢያና የፎገራ ሜዳዎች በውኃ ይጥለቀለቃሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ የደረሰው ጎርፍ የሚዘነጋ አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ መስከረምና ጥቅምት ዓይን የሚማርኩ ወራት ናቸው፤ ግን የወባ ወራትም ናቸው። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ ከሚያዝያ ጀምሮም ትንሽ ያገረሻል።

ይህን በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ቆላ ድባን አያውቃትም። በ1953 እ.ኤ.አ. የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያ ዕልቂት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። "ያ ድሮ ነው" የሚል ካለ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቋል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ጥርና የካቲት ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ወባውም ቀዝቀዝ ይላል። ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በዚህ ወቅት ይውላሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለዩ። ለበረከት የሚሄድ ሰው በንግሡ ዕለት ይሂድ፤ ሥነ ሥርዓቱን ያገኛል። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ግን ከንግሡ ሁለትና ሦስት ቀን ራቅ ይበል። በንግሥ ቀን ጀልባ ከልኩ በላይ ይጭናል፤ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

ማን የት ይገባል?

የእኛ ቡድን መጀመሪያ የያዘው ዝርዝር ማንዳባ መድኃኔዓለምን፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን ነበር። ሦስቱም የታወቁ ገዳማት ናቸው። በዳጋ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም አርፏል። ሆኖም በሦስቱም ሴት አትገባም። ዝርዝሩ ሲነበብ ከእኅቶቻችን አንዷ "ታዲያ እኔ የመጣሁት ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ የወንዶቹን ጫማ ልጠብቅ ነው?" አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ትክክል ነበረች።

የገዳም ሥርዓት የገዳሙ ነው። ለዘመናት የተጠበቀ ሕግ ነውና አንድ የዕረፍት ቡድን "ለእኛ ይለወጥ" ሊል አይችልም፤ መነኮሳቱን በክርክር ማድከምም ነውር ነው። ዕቅዱ ግን የእኛ ነው። ግማሽ የሚሆነውን ሰው እኩል ገንዘብ አስከፍሎ ሁለት ሙሉ ቀን ወደብ ላይ ማስቀመጥ የገዳሙ ጥፋት ሳይሆን የዕቅድ አውጪው ጥፋት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴትም ወንድም የሚገባባቸው ብዙ ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ላይ ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌ ያሉት ውራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም፣ በዓባይ መውጫ አጠገብ ያለው ደብረ ማርያም፣ ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ በጎርጎራ በየብስ ያለችው ደብረ ሲና። በግድግዳ ሥዕል ብልጫ ውራና ናርጋ ከማንም አያንሱም። ስለዚህ የጉዞው አጥንት እነዚህ ይሁኑ። ለወንዶች ብቻ የሆነ ገዳም ከተጨመረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሴቶቹ የሚያዩት ሌላ ቦታ ይኑር። ወንዶቹ ማንዳባ ሲሄዱ ሴቶቹ ደብረ ሲናን ይዩ፤ ወንዶቹ ክብራን ሲወጡ ሴቶቹ እንጦስ ይሁኑ። ሌሎቹን ገዳማት በተመለከተ ከመነሣታችሁ በፊት አስጎብኚውን ወይም የገዳሙን አስተዳደር ጠይቁ፤ ጀልባው ከቆመ በኋላ መጠየቅ ሰውን ማሳፈር ነው።

የአለባበሱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነጠላ፣ ረዘም ያለ ልብስ፣ በቅጽሩ ውስጥ ጫማ ማውለቅ። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት መጠየቅ፣ የመግቢያውንም ክፍያ በደረሰኝ መክፈል ነው። በዘጌ ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንታዊው የገዳም ሥርዓት የተከለከለ ነው። ጫካው ቆሞ የቀረውና ቡናው የበቀለው በዚህ ምክንያት ነውና ከዛፉ ቅርንጫፍ እየቀነጠሳችሁ አትሂዱ።

ገንዘቡ

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። በቡድን ጉዞ ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሰው የሚቆጠር ነው፤ አልጋ፣ ምግብ፣ የገዳም መግቢያ። አንድ ሰው ቢቀር የእሱ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው በጠቅላላ የሚከፈል ነው፤ የጀልባና የመኪና ኪራይ፣ የአስጎብኚ አበል። ጠቡ የሚነሣው ከዚህኛው ነው። ለስሌት ያህል ብቻ ጀልባውና መኪናው 21,000 ብር ነው እንበል። ለ14 ሰው ሲካፈል 1,500 ብር ይደርሳል። አራቱ በመጨረሻው ቀን ቢቀሩ ግን ለቀሪዎቹ አሥሩ 2,100 ብር ይሆናል። ቃሉን የጠበቀው ሰው ቃሉን ላጠፈው ሊከፍል ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉና ሁሉም ይፈርም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። ወረቀቱ አራት ነገር ይበል፦ እያንዳንዱ የሚከፍለው ስንት እንደሆነና እስከ መቼ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ የሚቀር ሰው ከጋራው ወጪ ድርሻው እንደማይመለስለትና በሰው የሚቆጠረው ግን እንደሚመለስ፣ በታመመና በሞት ምክንያት የቀረ ሰው እንዴት እንደሚታይ። ገንዘብ ያዡ የቡድኑ ወኪል ነውና ሒሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት። አንድ ሰው ገንዘቡን ይያዝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ደረሰኙን ይያዝ። "እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል" የሚል አይጠፋም። ወንድማማችነቱ እንዲቆይ ነው ወረቀቱ የሚጻፈው።

ቀብድ

ለባለጀልባና ለሆቴል የሚሰጠው ቀብድ በሕግ ትርጉም አለው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዓመታት በፊት አንድ ባለጀልባ፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ ቀብዳችንን ተቀብሎ ሳለ በዕለቱ የተሻለ ከፋይ ሲመጣለት ጀልባውን ሰጠው። "ብራችሁን ውሰዱ" አለን። ወረቀቱን አውጥቼ አንቀጹን አነበብኩለት። ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ እጥፉን ከፈለ፤ ሌላ ጀልባም ራሱ ፈልጎ አመጣልን። ወረቀት ባይኖር ኖሮ ሕጉ ለእኛ ተረት ነበር። ስለዚህ በሞባይል የላካችሁትም ቢሆን "ለዚህ ቀን፣ ለዚህ ጀልባ የተከፈለ ቀብድ" የሚል ጽሑፍ ይኑር።

መንገድ ቢዘጋስ?

ይህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ የባሕር ዳርና የጎንደር አስጎብኚዎች፣ ሆቴሎችና ጀልበኞች ሥራ ፈትተው ከርመዋል። በጉዞው ዋዜማ ወደ ቆላ ድባ፣ ወደ ጎርጎራና ወደ ባሕር ዳር ስልክ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ከነዋሪው መጠየቅ የግድ ነው። ነዋሪው "ዛሬ አትውጡ" ካለ አይወጣም። የሰው ሕይወት በአልጋ ኪራይ አይለካም።

ግን ኪሳራው የማን ነው? ብዙዎች "ከአቅም በላይ ነው" ብለው ያልፉታል። ሕጉ እንዲህ አይቸኩልም። አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው በተለምዶ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለውን ነገር ነው። አንቀጽ 1793 የመንግሥትን ክልከላ፣ የተፈጥሮ አደጋንና ጦርነትን በምሳሌነት ይጠቅሳል። እንግዲህ አስቡት፤ መንገዱ ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ተዘግቶ ከነበረ፣ በዚህ ወር መዘጋቱ "ሊገመት የማይችል" ነው? ብልህ ጠበቃ "ይታወቅ ነበር" ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ሊረታም ይችላል። ነዳጅ ተወደደ የሚል ባለጀልባ ደግሞ በዚህ በር አይወጣም፤ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አያደርገውም።

ስለዚህ ነገሩን ለፍርድ ቤት ክርክር አትተዉት። በውሉ ላይ በግልጽ እንዲህ ይጻፍ፦ "መንገዱ ወይም በረራው በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ውሉ አይፈርስም፤ ቀብዱ ሳይቀነስ በስድስት ወር ውስጥ ለሚመረጥ ሌላ ቀን ይሸጋገራል።" ይህ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። እኛ ገንዘባችንን አናጣም፤ ሥራ አጥቶ የከረመው ጀልበኛም እጁ የገባውን ብር እንዲመልስ አይገደድም። የቆላ ድባና የጎርጎራ ሰው ከእንግዳ የሚጠብቀው ምጽዋት ሳይሆን ቃሉን ጠብቆ በሌላ ቀን መምጣቱን ነው።

ጀልባውና ጤና

ጣና ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ማለዳ እንደ መስተዋት የሆነው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ያነሣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡ፤ ረጅሙን መንገድ በማለዳ ጨርሱ። ከባሕር ዳር ዘጌ በቀርፋፋ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ናርጋ ሥላሴ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ናርጋ ደርሶ መልስ ራሱን የቻለ ሙሉ ቀን ነው፤ ከሌላ ሦስት ገዳም ጋር አትቆልሉት።

ከመሳፈራችሁ በፊት የነፍስ አድን ጃኬቱን በሰው ልክ ቁጠሩ። አሥራ አራት ሰው ካለ አሥራ አራት ጃኬት፤ "አሥሩ ይበቃል" የሚል ካለ ውረዱ። ትርፍ ነዳጅ መኖሩን ጠይቁ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተንሰራፋው እምቦጭ የሞተር መቅዘፊያ ይይዛልና፣ በደምቢያ በኩል የሚነሣ ሰው መንገዱን የሚያውቅ ጀልበኛ ይምረጥ። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ለቡድን ጉዞ ግን አይሆንም።

በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ ገብቶ መዋኘት ይቅር። አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ጠይቁ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በደሴት ላይ መድኃኒት ቤት እንደሌለ አስቦ ይዞ ይምጣ። በእኛ ዕድሜ ይህ ከካሜራው ይቀድማል።

የአምስት ቀን ዕቅድ

እኛ የተስማማንበትን ላስቀምጥ፤ ለሌላውም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ጎንደር ገብቶ ማደር። ሁለተኛው ቀን በማለዳ ቆላ ድባ ቁርስና ገበያ፣ ከዚያ ጎርጎራ ገብቶ በሐይቁ ዳር ማረፍ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዶች ማንዳባ፣ ሴቶች ደብረ ሲና፤ ረፋድ ላይ ተገናኝቶ ምሳ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ባሕር ዳር። አራተኛው ቀን ናርጋ ሥላሴ፣ ሙሉ ቀን። አምስተኛው ቀን ዘጌ፣ ውራና አዝዋ፤ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ጥሩ የጣና ቆሮሶ ከበሉ በኋላ መለያየት። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ባዶ ሰዓት እንዳለ ልብ በሉ። ዕረፍት የሚባለው ነገር የሚገኘው እዚያ ባዶ ሰዓት ውስጥ ነው፤ እሱን በገዳም ብዛት የሚሞላ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ በትሕትና እምቢ በሉት።

በመጨረሻም፣ የቡድኑ መሪ አንድ ሰው ይሁን እንጂ ሁለተኛዋ ሴት ትሁን። በእኛ ዘንድ ዝርዝሩ የተስተካከለው ሴቶቹ ከተናገሩ በኋላ ነው። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ቀብዱ ተከፍሏል፤ የማሸጋገሪያው አንቀጽም ገብቷል። የቀረው የመንገዱ ሰላም ነው፤ እሱን ደግሞ ለሁላችንም ያምጣልን። ቸር እንሰንብት።